ተራራው ኮፍያ ሲያደርግ

አድሚን ስሜን ደብቂልኝ። የምጽፈው ከሊባኖስ ነው። የኩዌትና የዱባይ እህቶች፣ ይሄ ስለ በረዶ ነው፤ እናንተ እዛ ሆናችሁ ትስቁብኝ ይሆናል። ግን አንብቡት፤ ማን ነገ የት እንደሚሄድ አይታወቅም።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ አንዷ የዶራ ልጅ ባለፈው ሳምንት "እሁድ ፋራያ በረዶ ለማየት ቫን ተኮናትረናል፣ ሁለት ቦታ ቀርቷል" ብላ የለጠፈችው ነው። ፎቶው ላይ ያለችው ልጅ በስኒከርና በጂንስ በረዶ ላይ ተጋድማ ትስቃለች። ቆንጆ ፎቶ ነው። እኔም እንደዛ ያለ ፎቶ አለኝ፣ አምስት ሆነን የተነሳነው። ፎቶውን ተነስተን ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከአምስታችን አንዷ በእጄ ላይ ልትሞት ነበር። ጥፋቱ ደግሞ የእኔ ነው። የማላውቅ ብሆን ይሻለኝ ነበር፤ ግን አውቅ ነበር።

ከየት እንዳወቅኩ ልንገራችሁ።

ሊባኖስ የገባሁት በ2011 ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። መጀመሪያ ቤይሩት ነበርኩ። በሁለተኛው ዓመት ማዳም አባቷ ጋ ላከችኝ። አባትየው 74 ዓመታቸው ነው፣ ሚስታቸው ሞታለች፣ ከፋራያ ብዙ በማይርቅ የተራራ መንደር ብቻቸውን ይኖራሉ። ቤይሩት እንውሰድዎት ሲሏቸው እምቢ ብለዋል። ጂዶ እላቸዋለሁ፣ የልጅ ልጆቻቸው እንደሚሏቸው። እሳቸው ደግሞ ቢንቲ ይሉኛል። ማዳም ስትልከኝ ያዘዘችኝ ምግብና ጽዳቱን ትታ አንድ ነገር ነው፦ "ብቻውን ተራራ እንዳይወጣ።" ሰውየው ደግሞ በዚህ ዓለም የሚወዱት ነገር እሱን ብቻ ነው። ስለዚህ ሳልወድ በግዴ ተራራ ወጪ ሆንኩ።

የመንዝ ልጅ ነኝ። ብርድ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት አመዳዩ ሜዳውን አንጥፎት፣ በባዶ እግራችን በግ እያገድን፣ ላሟ ከተነሳችበት ቦታ ላይ ቆመን እግራችንን እያሞቅን ያደግን ነን። አንድ ቀን ጂዶ ስለ አገሬ ሲጠይቁኝ መሃል ሜዳ ከባህር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው ብላቸው አላመኑም። የልጅ ልጃቸው በስልኳ ፈልጋ አሳየቻቸው። የሊባኖስ ትልቁ ተራራ ቁርነት ኤል ሳውዳ 3,088 ሜትር ነው። "የተወለድሽው ከአገሬ ራስ በላይ ነው!" ብለው ሳቁ። ከዚያ ጠየቁኝ፦ "ታዲያ በረዶ የለም?" የለም። የሚዘንበው ጠጠሩ በረዶ ነው፣ ጠዋት አመዳይ ይኖራል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይጠፋል። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፤ ደግሞ ብርዳችን የሚመጣው ሰማዩ ደረቅ በሆነበት ወር ነው። እዚህ ግን ብርዱና ዝናቡ አንድ ላይ ነው የሚመጡት። ልዩነቱ ይሄ ነው። የደረቅ ብርድ ያሠቃያል እንጂ ጃኬት ከለበስሽ ትችይዋለሽ። እርጥብ ብርድ ከነፋስ ጋር ሲመጣ ሌላ ነው።

ቋንቋችንም አልረዳኝም። እኛ ሁሉንም በረዶ ነው የምንለው። ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠር፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውን፣ ተራራው ላይ የተነጠፈውን። ጂዶ ሦስት ቃል ነበራቸው። ተልጅ ጥጥ የሚመስለው ነው። በረድ ጠጠሩ ነው። ጀሊድ ደግሞ ቀልጦ ሌሊት ተመልሶ የደረቀው፣ እንደ መስተዋት የሚሆነው። "ተልጅ ያደክምሻል፣ ጀሊድ ይገልሻል" ይሉ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጥላ ያለበት ቁልቁለት ላይ በዱላቸው ጫፍ ነካ ነካ ያደርጉታል። ዱላው ከሰጠመ እንሄዳለን። ካንኳኳ እንመለሳለን።

የመጀመሪያው ቀን የወጣሁት ማዳም ትታው በሄደችው የጎማ ቦት ነው። ሁለት ቁጥር ይሰፋኛል። እንዳይሰፋኝ ሦስት የጥጥ ካልሲ ደረብኩበት። ሰዓት ሳይሞላ በላብ ረጠበ፣ ከዚያ ቀዘቀዘ፣ ከዚያ እግሬ የእኔ አልመስልህ አለኝ። ጂዶ አይተው ተናደዱ፣ በእኔ አይደለም፣ በልጃቸው። ቤት ስንገባ ስልክ ደውለው ጮኹባት፤ እኔ ደግሞ ማዳም ትቀየመኛለች ብዬ ፈራሁ፣ ታውቁታላችሁ ይሄን ነገር። በማግስቱ ራሳቸው የሱፍ ካልሲ ገዝተው መጡ። "ጥጥ ጠላትሽ ነው" አሉኝ። ጥጥ ውሃ ይጠጣል፣ ከጠጣ በኋላ አያሞቅም፣ እንዲያውም ሙቀትሽን ይስባል። ሱፍ ግን ረጥቦም ቢሆን ያሞቃል። ይሄን ሲነግሩኝ ሳቅኩ። የመንዝ ሰው ባና የሚለብሰው ለምን እንደሆነ የገባኝ በዛ ዕድሜዬ፣ በባዕድ አገር፣ ከአረብ ሽማግሌ አፍ ነው። እናቴ ጋቢም ባናም አላት። ዝናብ ሲመጣ እረኛ የሚያነሳው የቱን እንደሆነ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ፤ ለምን ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም።

ላብም ጠላት ነው ይላሉ። ከቤት ስትወጪ ትንሽ ሊበርድሽ ይገባል፣ ከሞቀሽ በዝቷል። አቀበቱን ስትጀምሪ አውልቂ፣ ስትቆሚ ወዲያው ደርቢ። እኛ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ተጀቡነን እንወጣለን፣ እናልበዋለን፣ ላይ ስንደርስ ሞቀኝ ብለን እናወልቃለን፣ ለፎቶ።

ግድግዳቸው ላይ ሰዓት የሚመስል ነገር ነበር። አንድ ዘንግ ብቻ ያለው። ለሦስት ወር ያህል የተበላሸ ሰዓት ነው ብዬ አቧራውን እየጠረግኩ አልፌዋለሁ። አንድ ቀን ጂዶ መስታወቱን በጣታቸው መታ መታ አድርገው ወደ ግራ ሲሄድ አሳዩኝ። የአየሩን ክብደት የሚለካ ነው። ዘንጉ ቀስ እያለ ከወረደ አየሩ እየተበላሸ ነው፣ ቶሎ ከወረደ አሲፋ እየመጣ ነው። በታኅሣሥ 2013 አሌክሳ ያሉት ማዕበል ሲመጣ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ዘንጉ ግን ሲወርድ በዓይኔ አየሁት። ማዞት አስገባን፣ ዳቦ ገዛን፣ ከዚያ ለቀናት ከቤት አልወጣንም። (የተራራ ቤት የምትሠሩ እህቶች፣ በዛ ቀን የምነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሶብያም ይሁን ከሰል ክፍል ዘግታችሁ ይዛችሁ እንዳትተኙ። ጭሱ ባይታይም መርዙ አለ። ብርዱ ያልገደላቸውን እሱ ይገድላል።)

ዘንግ የሌለን ሰዎች ደግሞ ዓይን አለን። ከቤቱ በረንዳ ሳኒን ተራራ ይታያል፣ 2,628 ሜትር ነው። ሰማዩ ሁሉ ሰማያዊ ሆኖ ተራራው አናት ላይ ብቻ ለስላሳ ደመና ከተቀመጠ፣ ጂዶ "ኮፍያ አድርጓል" ይላሉ። ነፋሱ ከባህር እርጥበት ይዞ መጥቶ ተራራው ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆናል። እታች ላለ ሰው ቆንጆ ነገር ነው። እዛ ኮፍያው ውስጥ ላለ ሰው ግን ጉምና ነፋስ ነው፣ እጁን ዘርግቶ ጓንቱን አያይም። ኮፍያ ባደረገ ቀን እኛ አንወጣም፣ በቃ። መንደሩ ዙሪያ ዞር ዞር ብለን ቡና።

ቤይሩት ሆነሽ ስለ ተራራው ማወቅ የምትችይው በጣም ጥቂት ነው። 1,000 ሜትር በወጣሽ ቁጥር ስድስት፣ ሰባት ዲግሪ ይቀንሳል። ዶራ 17 ዲግሪ ሆኖ ሹራብ ብቻ ለብሰሽ ስትወጪ፣ ሸርተቴው ያለበት ቦታ ላይ፣ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ አምስት ዲግሪ ነው፤ ሸንተረሩ ላይ ዜሮ አካባቢ ነው። ዜሮ ያን ያህል አይከፋም ትያለሽ። ነፋሱን ጨምሪበት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ከሆነ ገላሽ የሚሰማው ከዜሮ በታች ስምንት ነው። ቤይሩት ላይ ዝናብ ከሆነ ደግሞ እዛ ብዙ ጊዜ በረዶ ነው። ዜና ላይ "ተልጅ ከ1,200 ሜትር በላይ" ሲሉ የምትሰሟት ቁጥር ለሹፌሮች ብቻ አይደለችም። ስልካችሁ ላይ አየሩን ስታዩም ቤይሩትን ሳይሆን የምትወጡበትን ቦታ ጻፉ።

ከጂዶ ጋር አራት ክረምት ወጣሁ። እሳቸው በ2016 መከር ላይ አረፉ፣ ነፍሳቸውን ይማር። በአልጋቸው ነው ያረፉት፣ ተራራ ላይ አይደለም፤ ማዳም እስካሁን ያንን ታመሰግነኛለች። ልብሳቸው ሲከፋፈል አንድ ግራጫ የሱፍ ሹራብ ሰጠችኝ። ትልቅ ነው፣ ጉልበቴ ይደርሳል። ከዚያ ኮንትራቴን ጨርሼ ፍሪ ወጣሁ፣ ዶራ ከደሴዋ ጋር ቤት ተከራየን። እትዬ ነው የምላት፣ በዕድሜ ትበልጠኛለች።

እሁዱ የካቲት 2018 ነው። ከዚያ በፊት በጥር፣ ከሶሪያ በማስናዕ በኩል ተራራውን በሌሊት ሲሻገሩ የነበሩ ከአስር በላይ ሶሪያውያን በብርድ ሞተው ተገኝተው ነበር፣ ሕፃናትም ነበሩባቸው። ሁላችንም በስልክ አይተን አልቅሰናል። ግን ሰው አያገናኘውም። እነሱ ከጦርነት የሚሸሹ ናቸው፣ እኛ ሽርሽር ነው የምንሄደው። ብርዱ ያንን እንደማይለይ ማን ያስባል?

አምስት ነበርን፦ እኔ፣ እትዬ፣ ሁለት የአርሲ እህትማማቾች እና የጅማዋ። የጅማዋ 22 ዓመቷ ነው፣ ኮንትራት ላይ ናት፣ በሰባት ወር ውስጥ ያገኘችው የመጀመሪያ እሁድ ነው። ማታ 12 ሰዓት ላይ ቤት መግባት አለባት። የለበሰችው ጂንስ፣ የጥጥ ኮፍያ ያለው ሹራብና ነጭ ስኒከር ነው፤ ስኒከሩን ለዚያ ቀን ብላ ነው የገዛችው። እኔ አየኋት። ምንም አላልኩም። ምን ልበላት? ሌላ ጫማ የላት።

ጠዋት 2 ሰዓት ከዶራ ተነሳን። ባህሩ ያበራል፣ ፀሐይ ነው። 4 ሰዓት ላይ ላይኛው ፋራያ ደረስን፣ ቫኑ 10 ሰዓት ላይ እንዲመለስ ተቀጠረ። መጀመሪያ መንገዱ ዳር ተጫወትን፣ ተወራወርን፣ ፎቶ ተነሳን። በዚያ ቢበቃን ኖሮ ይሄን አልጽፍም ነበር። ግን እዛ ሰው ብዙ ነው፣ አንዳንዱም ያዩናል፣ አስተያየታቸው ደስ አይልም፤ ታውቁታላችሁ። ከፍ እንበል ተባለ። በራኬት የሚሄዱ ሰዎች የረገጡት መንገድ ነበር፣ ጠንካራ ነው፣ እግር አይሰጥምም። እኔ መራሁ። ኮራሁም። እዛ መንደር የሽማግሌ ጠባቂ የነበርኩት ዛሬ አስጎብኚ ሆንኩ።

5 ሰዓት ተኩል ገደማ ቀና ስል ሸንተረሩ ኮፍያ አድርጓል።

ይሄን ነው ለራሴ ይቅር ማለት ያቃተኝ። አየሁት። ጂዶ በጆሮዬ የተናገሩ ያህል ሰማሁ። ወደ ኋላ ዞሬ የጅማዋን አየሁ፤ ክንዷን ዘርግታ እየዞረች ትዘፍናለች። ሰባት ወር። ለቫኑ የከፈለችውም ከደሞዟ ነው፣ ለእናቷ ከምትልከው ላይ። "ተመለሱ" ብላቸው ይስቁብኛል፣ ፀሐይ እኮ ነው! አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ አልኩ። እዛች ጉብታ ጋ ደርሰን እንመለሳለን። ጉብታዋ ጋ ስንደርስ ሌላ ጉብታ አለ።

ሌላ የሳትኩት ነገር ነፋሱን ነው። ስንወጣ ከኋላ ነበር፣ ከግራ ትከሻዬ በኩል እየገፋኝ። ነፋስ ከኋላ ሲሆን ያታልላል። ያግዝሻል፣ አይሰማሽም፣ ጉልበትሽ የጠነከረ ይመስልሻል። ሂሳቡን የምትከፍይው ስትዞሪ ነው።

ጉሙ የመጣው በደቂቃ ነው። ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከጎን መጣ። አስቀድሞ ጥላችን ጠፋ፣ ከዚያ ከፊቴ ያለው ዳገት ጠፋ፣ ከዚያ መሬቱና ሰማዩ አንድ ሆነ። ይሄን ያላየ ሰው አይገባውም። ጨለማ አይደለም፣ ሁሉ ነጭ ነው። እግርሽ የሚረግጠው ቁልቁለት ይሁን አቀበት አታውቂም። የአርሲዋ ታናሽ ቆማ ሳለ ወደቀች፣ ሚዛኗ ጠፍቶ ነው። "ዞረን በመጣንበት እንመለስ" አልኩ። ዞርን፤ ነፋሱ ፊታችንን እንደ ጥፊ መታን። ደቃቁ በረዶ ዓይን ውስጥ ይገባል። የመጣንበትን ዱካ ነፋሱ እየሞላው ነበር።

እዚህ ጋ ተጣላን። እትዬ ወደ ግራ ቁልቁል እንውረድ አለች። "ቁልቁል ከወረድን መንገድ እናገኛለን፣ ውሃም ወደ ታች ነው የሚሄደው!" እሷ ትልቅ ናት፣ እኔ እሷን እምቢ ብዬ አላውቅም። ግን ጂዶ ነፋስ ገደል አፍ ላይ በረዶ አጠራቅሞ እንደ ታዛ እንደሚያበጅ አሳይተውኛል። ከላይ ሲያዩት መሬት ነው፣ ከሥሩ ባዶ ነው። ከማዕበል በኋላ ደግሞ ገደላ ገደል ያለ ቁልቁለት ላይ አዲሱ በረዶ ተንዶ ሰው ይዞ ይሄዳል። "እትዬ፣ በእናትሽ፣ ዛሬ ብቻ ስሚኝ" አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ "ምሪ" አለችኝ። ሻርፖቻችንን ፈተን እርስ በርስ አያያዝን፣ በሰልፍ ሆንን፣ ነፋሱ ቀኝ ጉንጬን እንዲመታ አድርጌ ሄድኩ። ስንወጣ ከኋላ ግራዬን ከገፋ፣ ስንመለስ ከፊት ቀኜን መምታት አለበት። ነፋስ ይዞራል፣ ብቻውን አይታመንም፤ ግን ያለኝ እሱ ነበር። ስልኬን ባወጣው በብርዱ ጠፍቷል፣ 40 ፐርሰንት ነበረው። ከዚያ ወዲህ ስልኬን ጡቴ ሥር ነው የምይዘው።

የጅማዋ ከኋላዬ ነበረች። መጀመሪያ ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ ይሰማኛል። ከዚያ መደናቀፍ ጀመረች። ከዚያ የሆነ ነገር ትላለች፣ ምላሷ ተሳስሮ አይሰማም። ከዚያ መንቀጥቀጧ ቆመ። የአርሲዋ "ተመስገን፣ ተሽሏታል" አለች። አልተሻላትም። መንቀጥቀጥ ገላ ራሱን የሚያሞቅበት ነው፤ ብርዱ ሳይለቅ መንቀጥቀጡ ከቆመ አቅም አልቋል ማለት ነው። ዞር ስል የጥጥ ሹራቧን ወደ ላይ እየገፈፈች ነው። "ሞቀኝ" አለችኝ፣ ፈገግ ብላ። "ሞቀኝ እኮ።"

ጂዶ ነግረውኛል። በብርድ የሞቱ ሰዎች አንዳንዴ ልብሳቸውን አውልቀው እንደሚገኙ።

አንድ ትልቅ ድንጋይ ነበር፣ ነፋሱ በማይመታበት ጎኑ በኩል አስቀመጥናት፤ በረዶው ላይ ሳይሆን ቦርሳዎቻችን ላይ። እትዬ ከለለቻት፣ እርጥቡን ሹራብ አወለቅን፣ የጂዶን የሱፍ ሹራብ ከላዬ አውልቄ አለበስኳት። ባናዬ ዶራ አልጋዬ ላይ ነው ያለው፤ እንዴት አላመጣሁትም እያልኩ ራሴን እረግማለሁ። ምግብ ለማንጠፍ ብዬ የያዝኩት የቆሻሻ ፌስታል ነበር፣ ትልቁ ጥቁሩ። የአንዱን ቂጥ ቀድጄ በራሷ አጠለቅኩላት፣ ሌላውን እኔ ለበስኩ። ሳቅ የሚያስመጣ ነገር ነው፣ ግን ከዚያ ፌስታል የተሻለ ነፋስ የሚከለክል አልነበረንም። አራታችን ተጣብቀን አቀፍናት። አላሸናትም። እጅና እግር ማሸት ቀዝቃዛውን ደም ወደ ልብ ይመልሰዋል ይሉ ነበር ጂዶ። አረቄም አይሰጥም። እዚህ ሰዎች ዓረቅ ያሞቃል ይላሉ፣ ውሸት ነው፤ ቆዳን ያሞቃል፣ ከውስጥ ያለውን ሙቀት ያስወጣል። ቴርሞስ ውስጥ የቀረ ስኳር የበዛበት ሻይ ነበረን፣ መዋጥ መቻሏን አይተን በትንሽ በትንሹ አጠጣናት፤ ከዚያ ሀላዋ በጣቴ አጎረስኳት። አፏ ውስጥ አላሟሟችውም፣ ታላመጠች፣ ቆየች። ከዚያ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረች። ያን ቀን እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ነገር አላየሁም።

ምን ያህል እንደተቀመጥን አላውቅም። ቀጥሎ ያለውንም አላስታውስም ብል ይቀላል። ሁለቱ በብብቷ ገብተው እየጎተቷት፣ እኔ ጉንጬን ለነፋሱ ሰጥቼ። ጉንጬ ለሳምንት ቀልቶ ተላጠ። አንድ ጊዜ ከፊቴ የሆነ ግራጫ ነገር ቆሞ አየሁ፣ ሰው መሰለኝ፣ ጠራሁት። የሸርተቴው ገመድ ምሰሶ ነው። ሄጄ አቀፍኩት፣ እውነቴን ነው፣ ብረቱን አቅፌ አለቀስኩ። ከምሰሶ ወደ ምሰሶ እየቆጠርን ወረድን። መንገዱ ላይ ስንደርስ ጉሙ ከእኛ በላይ ቀረ። እታች ያሉት ሰዎች አሁንም ፎቶ ይነሳሉ።

እዛ ነው ሌላው ፈተና የመጣው። ራኬት የሚያከራይ ሰውዬ አይቷት 140 ልደውል አለ፣ ቀይ መስቀል። እሷ ጆሮዋ ሲሰማ ነቃች። "እንዳትደውሉ! ማዳም ትሰማለች። ፓስፖርቴ እሷ ጋ ነው፣ ወረቀት አልያዝኩም፣ ይይዙኛል።" ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ የምትፈራው ብርዱን አይደለም። የአርሲዎቹም ፈሩ፣ አንዷ ኢቃማዋ አልፎበታል። እኔም ፈራሁ፣ አልዋሽም። ሰውየው የማንን ቃል እንደሚጠብቅ አላውቅም፣ እኔን ያየኛል። እትዬ ናት "ደውል" ያለችው። "ሬሳ ወረቀት አያስፈልገውም" አለቻት በአማርኛ። ደወለ። የመጡት ወጣቶች ናቸው፣ በብርድ ልብስ ጠቀለሏት፣ ስሟንና ዕድሜዋን ጠየቁ፣ ሌላ አልጠየቁንም።

ዳነች። ሁለት የእግሯ ጣቶች ጫፋቸው ጠቁሮ ቆዳቸው ወለቀ፣ ለወራት ሲነኩ አይሰማትም ነበር። ማዳሟ ጮኸችባት፣ ከዚያ እሁድ የሚባል ነገር ለረጅም ጊዜ አልሰጠቻትም። ያንን ነው የጅማዋ እስካሁን የምትቆጨው፣ ጣቷን አይደለም። በ2020 አገሯ ገባች። ነጩን ስኒከር ታናሽ እህቷ እያደረገችው ነው አሉ።

አሁን ክረምት ሲገባ እኔ አሁንም እወጣለሁ። ከእትዬ ጋር። ሕጋችን ቀላል ነው፦ ጠዋት ኮፍያ ካለ መንገዱ ዳር እንቀራለን፤ ከሌለም 7 ሰዓት ሲሆን የትም ብንደርስ እንዞራለን፣ በዚህ ወር ከ11 ሰዓት በኋላ ፀሐይ የለም። ጥጥ የለበሰች አትወጣም። መነጽር እንይዛለን፣ በረዶ ላይ ፀሐይ ዓይን ታቃጥላለች። ፌስታል ሁልጊዜ አለ፣ ባናዬም አለ፣ ሽታው እናቴን የሚያስታውሰኝ ስለሆነም ጭምር።

ቫን ለተኮናተራችሁት የዶራ ልጆች፦ ትናንት ማታ ዜናውን አይቻለሁ፣ ለእሁድ ተልጅ ከ1,300 በላይ፣ ነፋስም አለ ብለዋል። ቅዳሜ ማታ ጻፉልኝ። የተረፉት ሁለት ቦታዎች ካልተያዙ እኔና እትዬ እንገባለን፤ የሱፍ ካልሲ የሌላት ቁጥሯን ትንገረኝ፣ ከሱቅ አመጣላታለሁ።